ቦቱ «እሳቸው» ማን እንደሆኑ ሲጠፋበት

ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ለሚሸጥ ወዳጄ የቴሌግራም ማዘዣ ቦት፣ ማለትም መልዕክት አንብቦ ራሱ የሚመልስ ፕሮግራም፣ ሠርቼለት ነበር። ደንበኛ «እሱ»፣ «እሷ»፣ «እሳቸው» ሲል ማንን ወይም ምንን ማለቱ እንደሆነ ቦቱ እንዲለይ ማድረግ ላይ በጣም ተቸገርኩ። እናንተም ቦት ስትሠሩ እዛው እንዳትለፉ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

ደንበኛው «ሁለት ኪሎ ቆሮሶ አለ?» ይላል (ቆሮሶ የዓሣ ዓይነት ነው)፣ ቦቱ አለ ይላል። «እሺ ላክልኝ» ሲባል «ምን ልላክ?» ብሎ ይጠይቃል። እያንዳንዱን መልዕክት ለብቻው ስለሚያነብ ነው። የተጠቀሰውን ሁሉ መዝግቡለት፣ የቅርቡ ከላይ ይሁን፣ ፍለጋውም ከላይ ይጀምር።

ይሄ ተስተካክሎም «ጠብሰህ ላክላት» ላይ ይቆማል። «እሷ» የሚል ቃል ቢፈልግ አያገኝም፤ ላኪውም ተቀባይዋም ግሡ ውስጥ ናቸው። መጀመሪያ ግሡን የሚበትን መሣሪያ ያስፈልጋል። ተመራማሪው ማይክል ጋሰር የሠራው ሆርንሞርፎ የተባለ ፕሮግራም ይህን ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለትግርኛ ይሠራል። ግሡና ስሙ በጾታ ይግጠሙ የሚለውን ግን ሰው ላይ ብቻ አጥብቁ። ሰው «አንድ ቆሮሶ» ብሎ ጀምሮ «ደረቅ አድርገህ ጥበሳት» ይላል፣ ዓሣዋ ትንሽ ስለሆነች ወይም ስላማረችው። ቦቱ ጾታ አልገጠመም ብሎ ዓሣዋን ከጣላት ትዕዛዙ ባዶ ይቀራል።

ከሁሉም ያደከመኝ አንቱታው ነው። አንዷ ደንበኛ «እናቴ ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ፣ ስጣቸው» ብላ ጻፈች። ቦቱ «ለስንት ሰው ይዘጋጅ?» አላት። ወዳጄ በጣም አፈረ። ግን «ይመጣሉ» ለብዙ ሰውም ለአንድ የተከበረ ሰውም ያው ነው፣ «ስጣቸው»ም እንደዛው፣ ስለዚህ ግሡን ብቻ አይቶ የሚወስን ቦት መሳሳቱ አይቀርም። ቁጥርንና አክብሮትን ለየብቻ መዝግቡ። ስሙ ነጠላ ሆኖ፣ እንደ «እናቴ»፣ ግሡ የብዙ ከሆነ የአክብሮት ምልክት ያዙ፤ ከዛ በኋላ የሚመጣ «አቸው» መጀመሪያ እሳቸው ጋ ይሂድ። ደግሞ ያቺው ልጅ ትንሽ ቆይታ «እናቴ መጣች?» ልትል ትችላለች። ሰው እናቱን አንዴ አንቱ አንዴ አንቺ ይላል፣ ምልክቱ በር መዝጊያ አይሁን።

አንድ የቀረ አለ። አድራሹ «ባጃጁ በበሩ አልገባም፣ ጠባብ ነው» ብሎ ይጽፋል። ጠባቡ በሩ ነው። «ሰፊ ነው» ቢል ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ ሰፊው ባጃጁ ይሆናል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ቴሪ ዊኖግራድ እ.ኤ.አ. በ1972 ያነሳው ዓይነት ጥያቄ ነው፣ ሰዋስው ብቻውን አይፈታውም። ትልልቆቹ የቋንቋ ሞዴሎች አሁን ብዙውን ያገኙታል። የእናንተ ትንሽ ከሆነ አይገምት፣ ይጠይቅ፦ «የጠበበው በሩ ነው?»