የዛገ ብሎን፣ ዳዶና ትናንሽ የመኪና ዕቃ በታምብለር ማጽዳት፣ እኔ እንዴት እንደምሰራው

የአባቴን ቮልስ ፈታትቼ ስጨርስ ግቢው ጥግ ላይ ሁለት የቀለም ጣሳ ሙሉ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ ምናምን ቀረ፣ ሁሉም ቡኒ ሆኗል፣ አንዳንዱማ ጥርሱ ራሱ አይታይም። የሚያየኝ ሁሉ አዲስ ግዛ ምን ያደክምሃል ነው የሚለው፣ እውነት ነው ብሎን መርካቶ ሞልቷል፣ ግን የድሮው ብሎን ርዝመቱም ጥርሱም ለዛ ቀዳዳ ተብሎ የተሰራ ነው፣ ጭንቅላቱ ላይ የሰራው ፋብሪካ ምልክት አለ፣ አዲሱን ስታስገቡ አንዱ ይረዝማል አንዱ ያጥራል አንዱ ጥርሱ አይገጥምም። እኔ ደሞ መኪናው አባቴ ሲነዳው እንደነበረው እንዲሆን ነው የምፈልገው። በሽቦ ብሩሽ አንድ ባንድ ጀምሬው ነበር፣ አንዱ ብሎን ብቻ 10 ደቂቃ ይበላል፣ እንደዛ ሆኖም ጥርሱ ስር ያለው ዝገት አይወጣም። ከዛ ነው ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ታምብለር (ዕቃ እያንቀጠቀጠ የሚያጸዳ ማሽን) አምጣልኝ ያልኩት፣ አሁን እነዛን ጣሳዎች ጨርሼ የጎረቤት ዕቃም እየሰራሁ ስለሆነ ያወቅኩትን በዝርዝር ልጻፈው።

ማሽኑ ቀላል ነገር ነው። የፕላስቲክ ገንዳ አለ፣ ከስሩ ሞተር፣ የሞተሩ ዘንግ ላይ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ክብደት ታስሯል፣ ገንዳው ሞላ ላይ ስለተቀመጠ ሞተሩ ሲዞር ሁሉ ነገር ይንቀጠቀጣል። ገንዳው ውስጥ ትናንሽ የሴራሚክ ወይ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ይሞላል፣ ሚዲያ ይሉታል እኔ ግን ጠጠር ነው የምለው። ሲንቀጠቀጥ ጠጠሩ እንደሚንተከተክ ሽሮ በዳር በኩል ወደ ላይ ይወጣል በመሀል ወደ ታች ይሰምጣል፣ ብሎኖቹም አብረውት ይዞራሉ፣ እየዞሩ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ በቀስታ ይፋቃሉ። ጉልበት የለውም፣ ያለው ጊዜ ነው፣ ስለዚ የተቸኮለ ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ግን ኤሌክትሪኩ። የአሜሪካ ዕቃ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ እኛ ጋ 220 ቮልት 50 ኸርዝ፣ በቀጥታ ከሰካችሁት በቃ ሞተሩ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፣ ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አይታችሁ እጥፉን የሚችል ግዙ። ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ደሞ ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፣ ስለዚ ሞተሩ ከታሰበለት ፍጥነት አንድ ስድስተኛ ያህል ቀንሶ ነው የሚዞረው፣ ከለመደውም በላይ ይሞቃል። እኔ በየሁለት ሰዓቱ እጄን አስጠግቼ አያለሁ፣ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ግማሽ ሰዓት አሳርፈዋለሁ። ከቻይና ወይ ከዱባይ 220 የሆነውን ማግኘት ከቻላችሁ ከዚ ሁሉ ትገላገላላችሁ።

ድምፁም ቀላል አይደለም፣ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ አይሆንም፣ ጎረቤት ይጣላችኋል። እኔ የግቢው መጨረሻ ላይ አሮጌ ጎማ አጋድሜ እዛ ላይ ነው የማስቀምጠው፣ ጎማው ንቅጥቃጤውን ይውጠዋል ማሽኑም እየተራመደ አይሄድም፣ ብቻ ከስር ለሞተሩ አየር መግቢያ እንዳይዘጋ እዩ።

አሁን ወደ ስራው። ዕቃውን እንደወረደ ታምብለር ውስጥ አትክተቱ። ዘይትና ግራሶ ካለበት ጠጠሩ ላይ ይለጠፍና ጠጠሩ ራሱ ሙልጭልጭ ብሎ መፋቅ ያቆማል፣ አንዴ ከቀባው ማጽዳቱ ራሱን የቻለ መከራ ነው። መጀመሪያ በላምባ (ነጭ ጋዝ) በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት፣ ከዛ በሙቅ ውሃና በኦሞ። ቤንዚን የሚጠቀም አለ፣ እኔ አልመክርም፣ ትነቱ በትንሽ ብልጭታ ይነሳል።

ቀጥሎ አቼቶ። ይሄን ደረጃ የሚዘል ሰው ነው ታምብለር አይሰራም የሚለው። ለምን መሰላችሁ፣ ጠጠሩ የሚደርሰው ላይ ላዩንና ጠርዙን ነው፣ ዝገት የቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ፣ ጥርሱ ስር፣ የቀዳዳው ጥግ አይገባም፣ አሲድ ግን ፈሳሽ ስለሆነ ሁሉም ጋ ይገባል። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ተራ አቼቶ፣ ጠርሙሱ ላይ 5 ፐርሰንት የሚለው፣ ይበቃል። ብሎኖቹን በፕላስቲክ ዕቃ አድርጋችሁ እስኪሸፈኑ አፍስሱ፣ 12 ሰዓት ተዉት፣ በጣም የባሰውን እስከ 24 ሰዓት። አረፋ ነገር ይወጣል፣ ሃይድሮጅን ጋዝ ነው፣ ስለዚ ክዳኑን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ፣ ውጭ አስቀምጡት። ስታወጡት ጥቁር ሆኖ ነው የሚወጣው አትደንግጡ፣ ጥቁሩን ታምብለሩ ያነሳዋል። በውሃ አለቅልቃችሁ፣ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ እሱ ውስጥ ትንሽ አቆዩት፣ አሲዱን ያጠፋዋል። ካልሆነ የቀረው አሲድ ብረቱን ወዲያው መልሶ ያዝገዋል።

አቼቶ ውስጥ የማይገባም አለ። ጭንቅላቱ ላይ 10.9 ወይ 12.9 የተጻፈበት ብሎን ጠንካራ ብረት ነው፣ ሞላም እንደዛው፣ አሲድ ውስጥ ሲቆዩ ሃይድሮጅኑ ወደ ብረቱ ይገባና ተሰባሪ ያደርገዋል፣ ከውጭ አይታይም፣ ጭነት ሲያርፍበት ግን ይሰበራል። ፍሬንና መሪ ላይ ያለ ብሎን እንደዚ እንዲሆን አትፈልጉም፣ እነሱን በሽቦ ብሩሽና በታምብለር ብቻ። አሉሚኒየምና ዚንክም አሲድ ይበላቸዋል። ቢጫ ወይ ብርማ ቅብ ያለው ብሎን ደሞ ቅቡ ተልጦ ነው የሚወጣው፣ ቅቡ ጤነኛ ከሆነ ጭራሽ አትንኩት።

የጠጠሩ ምርጫ ላይ ብዙ ልል አልፈልግም። ለብረት ሴራሚክ፣ ከባድ ነው ይፍቃል። ለአሉሚኒየምና ለነሐስ ፕላስቲኩ፣ ብዙ ጊዜ ፒራሚድ ቅርጽ ያለው፣ ለስለስ ይላል። መጠኑን ስትመርጡ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ የማይቀረቀር ይሁን፣ በተለይ ዳዶ ውስጥ፣ እኔ አንድ ቀን ሙሉ ከዳዶ ውስጥ ጠጠር በሚስማር ሳወጣ ውያለሁ። ብረትና አሉሚኒየም አንድ ላይ አትክተቱ፣ ብረቱ አሉሚኒየሙን ይቀጠቅጠዋል፣ ላዩ ፈንጣጣ የያዘው ይመስላል።

አሞላሉ እንዲህ ነው፣ ጠጠሩ ከዕቃው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይብዛ፣ ብረት ከብረት መጋጨት የለበትም። ማሽኑ ላይ የሚጻፈው ክብደት ጠጠሩንም ጨምሮ ነው፣ 18 ፓውንድ ካለ 8 ኪሎ ገደማ ነው፣ 8 ኪሎ ብሎን ማለት አይደለም። ብሎኖቹ ላይ የየራሳቸውን ዳዶ ጥቂት ጥርስ አስገቡላቸው፣ መነሻው ላይ ያለው ጥርስ እንዳይደበዝዝ ይጠብቀዋል። ውሃ ትንሽ ነው የሚፈልገው፣ ጠጠሩ እርጥብ ሆኖ ያብረቅርቅ እንጂ ከስር አይጠራቀም፣ ውሃ ከበዛ ጠጠሩ መዞሩን ትቶ ባለበት ይንቀጠቀጣል። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሁለት ሦስት ጠብታ፣ ከዛ ከበለጠ አረፋው እንደ ፍራሽ ይሆንና አይፋቅም። እኔ ቤኪንግ ሶዳም በሻይ ማንኪያ ጫፍ እጨምራለሁ፣ ዝገትን ያዘገየዋል። ዝገት ያለበትን ዕቃ ደረቁን ግን በፍጹም አታስነሱት፣ የዝገትና የድሮ ቀለም ብናኝ ነው የሚነሳው፣ የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፣ የድሮ ፍሬን ላይ ያለው አቧራ ደሞ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል የፍሬን ዕቃ በእርጥቡ ታጥቦ እንጂ ሌላ ነገር አይነካውም።

ከዛ አስነሱትና ጠብቁ። የመጀመሪያውን ሁለት ሰዓት ከሆነው በኋላ ክፈቱት፣ ውሃው እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ታገኙታላችሁ፣ ድፉትና በአዲስ ቀይሩት፣ ድሮ የወጣው ቆሻሻ ጠጠሩን ሸፍኖ ነው የሚያዘገየው። የሚደፋውን የቧንቧ መስመር ውስጥ አታፍስሱት፣ እንደ ጭቃ ይረጋና ይደፍነዋል፣ ባልዲ ውስጥ አሳድራችሁ ከላይ ውሃውን ብቻ ድፉ። የኔ የፓራፋንጎ ብሎኖች፣ ወደ 40 ነበሩ፣ አቼቶ ከጠጡ በኋላ 6 ሰዓት ፈጀባቸው፣ የበር ማጠፊያዎቹ ደሞ 14 ሰዓት በሁለት ቀን። በሰዓት ብቻ አትመኑ፣ አንድ ብሎን አውጥታችሁ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ እዩት፣ ጭንቅላቱ ላይ ያለው ጽሁፍ በግልጽ ሲነበብ፣ ጥርሱ መሀል ያለው መስመር ግራጫ ሲሆን በቂ ነው።

የመብራቱን ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። አንዴ ማታ 5 ሰዓት ላይ አስነስቼው ተኛሁ፣ ሌሊት መብራት ጠፋ፣ ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ያ ሁሉ ብሎን ጠጠሩ መሀል እርጥብ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ብርቱካናማ ሆኗል፣ ጠጠሩ የነካው ቦታ ሁሉ ነጥብ ነጥብ አውጥቷል። ንጹህ ብረት ከቆሸሸ ብረት ይልቅ ለዝገት ቅርብ ነው፣ የሚሸፍነው ነገር የለማ። የሦስት ቀን ስራ ነበር፣ ከአቼቶው እንደገና ጀመርኩ። ከዛ በኋላ ነቅቼ ካልሆንኩ አላስነሳም፣ ቤኪንግ ሶዳ በደንብ የተበጠበጠበት ባልዲ አጠገቡ አስቀምጣለሁ፣ መብራት ከሄደ ወዲያው ዕቃውን አውጥቼ እዛ ውስጥ እነክረዋለሁ፣ መብራት እስኪመጣ ምንም አይሆንም።

ማድረቁ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው። ከታምብለር ሲወጣ ያለው 10 ደቂቃ ከጠቅላላው ስራ ይበልጣል፣ በተለይ ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ እጃችሁ ላይ እያለ ቀለሙ ሲቀየር ታዩታላችሁ። ስለዚ ሳታወጡ በፊት ሁሉን አዘጋጁ፣ አንድ ድስት የፈላ ውሃ፣ ወንፊት፣ ደረቅ ፎጣ፣ ሰጋቱራ፣ ዘይት። ብሎኖቹን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቃችሁ ወንፊት ላይ አድርጋችሁ የፈላው ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ንከሯቸው፣ ብረቱ ራሱ ሲግል ከውሃው ሲወጣ በራሱ ሙቀት ነው የሚደርቀው። ወዲያው ፎጣ ላይ ዘርግፋችሁ አገላብጡ፣ ከዛ ደረቅ ሰጋቱራ ያለበት ካርቶን ውስጥ ከታችሁ አነቃንቁት፣ ጥርስ መሀልና ዳዶ ውስጥ የተደበቀችውን ጠብታ ሰጋቱራው ይመጣታል። ፀጉር ማድረቂያ ካለ እሱም ጥሩ ነው። ገና ለብ እንዳለ ንጹህ የሞተር ዘይት በጨርቅ ቀቡት፣ ቀለም የሚቀባ ከሆነ ግን ዘይት አታስነኩት፣ በዛው ቀን አንቲረስት ይቀባ፣ ነገ አትበሉ። በባዶ እጅም አትንኩት፣ ላብ ጨው አለው፣ የኔ አውራ ጣት አሻራ አንዱ ማጠፊያ ላይ ዝጎ ቁጭ ብሎ አግኝቼዋለሁ፣ መስመሩ ሳይቀር ይቆጠራል።

እንደ መስታወት እንዲያበራ የሚፈልግ ሁለተኛ ዙር አለው፣ እሱ በደረቁ ነው። የለውዝ አይነት የዋልነት ቅርፊት የተፈጨ ይሸጣል ውጭ አገር፣ እኔ ግን የበቆሎ ቆረቆንዳ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቄ፣ ቀጥቅጬ፣ በወንፊት ነፍቼ ዱቄቱን ጥዬ ፍሬ ፍሬውን ነው የምጠቀመው፣ የብረት ማብረቂያ ፓስታ ትንሽ ጠብ አድርጌ ዕቃውን ሳልከት ለ15 ደቂቃ ብቻውን አዞረዋለሁ እንዲዋሃድ። ከዛ ዕቃው ይገባና 6፣ 8 ሰዓት። ይሄ ዝገት አያወጣም፣ የጸዳውን ነው የሚያበራው፣ ነሐስ ላይ ውጤቱን ብታዩት ደስ ይላል።

ታምብለር ጭራሽ የማይነካውን ልጨምር፣ ኩሽኔታ፣ የካርቡራተር ትናንሽ ቀዳዳ ያላቸው ዕቃዎች፣ ክሮም የተነከረ ነገር፣ በልክ የተሞረደ ማንኛውም ዘንግ። የቮልስ የሞተር አካል ደሞ ማግኒዚየም ነው፣ ከእሱ የተሰበረ ቁራጭም ቢሆን አትክተቱ፣ ማግኒዚየም ብናኙ እሳት የሚይዝ ነገር ነው።

ማሽኑ የሌላችሁ፣ ትንሹ የኮንክሪት ሚክሰር ያለው ሰው ካወቃችሁ ታጥቦ ትንንሽ ጠጠር፣ አሸዋና ውሃ ተደርጎበት ለሰንሰለትና ለትልልቅ ብሎን ይሰራል፣ ሻካራ ነው ግን ይሰራል።

ጠጠሩን ስትጨርሱ አጥባችሁ አድርቃችሁ አስቀምጡ፣ እርጥቡን ከነቆሻሻው ከተዋችሁት ይጋገራል። ብሎኖቹን እኔ በየቦታቸው በላስቲክ አድርጌ ስም ጽፌባቸዋለሁ፣ የኋላ ቀኝ ፓራፋንጎ፣ የፊት ግራ ምናምን ብዬ፣ ስገጥም ጥርሱ ላይ ትንሽ ግራሶ አደርጋለሁ፣ በ13 ቁጥር ቁልፍ ከመያዜ በፊት ዳዶውን በጣቴ አዞረዋለሁ፣ በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ከገባ ይገጠማል፣ መሀል ላይ ከያዘ ተመልሶ ወደ አቼቶው ነው።