ከሐኪም ተራራ ጀርባ ላለ ቤት የኤፍኤም አንቴና አተካከል

ሐረር ከተማ ውስጥ ጥርት ብሎ የሚሰማ የኤፍኤም ጣቢያ የሐኪምን ተራራ ተሻግረው ሲወርዱ መንኮሻኮሽ ይጀምራል። ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ እንደ አጭር ሞገድ ከሰማይ ተመልሶ ስለማይመጣ፣ ከተራራው ጀርባ የሚደርሰው ጫፉን ታክኮ የሚጎብጠው ወይም ከትይዩ ኮረብታ የሚንጸባረቀው ብቻ ነው።

አስቀድሞ ቦታ ይመረጣል፤ እኔ የተሳሳትኩትም እዚህ ላይ ነው። ለጣቢያው ይቀርባል ብዬ ምሰሶውን በአጎቴ ግቢ ላይኛ ጫፍ፣ ተራራው ሥር ተከልሁት፤ ድምፁ ግን ቤት ውስጥ ከነበረው ባሰ። አጎቴ ባለ ባትሪ ሬዲዮኑን አንጠልጥሎ ወደ ጫት ማሳው ወረደና «ና፣ እዚህ ይሰማል!» ብሎ ተጣራ። ሞገድ ተራራ ሥር ለመድረስ በጣም መጉበጥ ስላለበት ብዙ ይዳከማል፤ ራቅ ሲሉ ግን ጥቂት መጉበጥ ይበቃዋል። ስለዚህ ጉድጓድ ከመቆፈርዎ በፊት ሬዲዮ ይዘው ከተራራው እየራቁ ይሂዱ።

ሻል ያለ ቦታ ሲገኝ ሬዲዮውን ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ያስሩና በግማሽ እርምጃ ያንቀሳቅሱት፤ በእጅ ከያዙት ሰውነትዎ ራሱ ድምፁን ይለዋውጠዋል። የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ያህል በመሆኑ፣ ከተለያየ አቅጣጫ የሚመጡት ሞገዶች አንድ ቦታ ሲደጋገፉ 75 ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ ብሎ ሊጠፋፉ ይችላሉ።

አንድ ሁለት ባሕር ዛፍ ብዙ አይጎዳም፤ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ በተለይ ቅጠሉ በዝናብ ሲርስ፣ ሞገዱን ይመጥጣል፣ ይበትናል። በበጋ የሞከሩትን በዝናብ ቀን ደግመው ይፈትሹት። ግንድ ላይም አይቸንክሩ፤ በነፋስ ይወዛወዛል።

አንቴናው ራሱ ቀላል ነው። 143ን በጣቢያው ሜጋኸርዝ ሲያካፍሉ ጠቅላላ ርዝመቱን በሜትር ያገኛሉ፤ ለ100 ሜጋኸርዝ 1.43 ሜትር ነው። የመዳብ ሽቦውን ለሁለት እኩል ቆርጠው፣ የዲሽ ገመዱን የመሐል ሽቦ ከአንዱ፣ ዙሪያውን የከበበውን የሽቦ መረብ ከሌላው ጋር ያገናኙ፤ ሁለቱ እንዳይነካኩ። ጎኑን ወደ ጣቢያው አዙረው አግድምም ቁምም ይሞክሩት። የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ግን አይትከሉ።

የምልክት ማጉያ እንዲገዙ አልመክርም፤ ደካማ ድምፅ ሲያጎላ ጩኸቱንም አብሮ ያጎላል። ሬዲዮዎ ስቴሪዮ ከሆነ ወደ ሞኖ (ወደ አንድ ወጥ ድምፅ) ይለውጡት፤ አብዛኛው መንኮሻኮሽ ያኔ ይጠፋል። መብረቅ ሲያጉረመርም ገመዱን ከሬዲዮው ይንቀሉ።