ታካሚው ሳያትም ቀለሙ ቶሎ ሲደርቅ

በርሊን፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ለታካሚዎች የህትመት ጥበብ በበጎ ፈቃድ ሳስተምር ሦስት ቀን ያባከነብኝ ነገር ይኸው። ስለት ስለማይፈቀድ የምንቀርጸው ፎም (ለስላሳ ሰሌዳ) ላይ በእርሳስ ነው። እሱ ቀላል ነው። ችግሩ ህትመቱ ጠቃጠቆ ሆኖ መውጣቱ ነበር። በውሃ የሚሟሟው ቀለም ወረቀቱ ሳያርፍበት ይደርቃል።

ውሃ ጨመርኩ፤ ቀለሙ ቀጥኖ መስመሮቹን ሞላቸው። አወፍሬ ቀባሁ፤ ባሰ። ማሞቂያውን ዘጋሁ፤ ታካሚዎቹ በረዳቸው። (ጥር ላይ፣ በርሊን ውስጥ፣ ምን ነካኝ!) ኋላ ነው የገባኝ፦ ማሞቂያው አየሩን ያደርቃል፣ የታካሚ እጅ ደግሞ አይቸኩልም።

የገላገለኝ ከፋርማሲ የገዛሁት ግሊሰሪን ነው። ለአንድ የሾርባ ማንኪያ ቀለም ሦስት ጠብታ ብቻ። ወረቀቱንም በእርጥብ ስፖንጅ ዳሰስ አድርጌ ጋዜጣ መሃል አቆየሁት። ግሊሰሪኑ ከበዛ ግን ህትመቱ አልደርቅም ይላል። ያልደረቀ ህትመት አንድ የአልጋ አንሶላ አበላሽቶ አስከፍሎኛል።