የመሬት መንቀጥቀጥ አይተን ስለ ምድር ቅርፊት ስንናገር የምንስታቸው ነገሮች

ከባድ ቁም ሳጥን ገፍታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ እምቢ ይላል። ትገፋላችሁ፣ ትገፋላችሁ፣ ድንገት ሸርተት ብሎ አንድ ስንዝር ይሄድና ቀጥ ይላል። በዚያች ቅጽበት ክንዳችሁን ትንሽ ቀለል ይለዋል፤ ሳጥኑ ከቆመ በኋላም ግን እየገፋችሁት ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚነግረን ያችን ቅለት ነው።

ትልቁ ስህተት እዚህ ጋ ነው። ከመንቀጥቀጡ ሞገድ የምናሰላው አለቱ ከመንሸራተቱ በፊትና በኋላ ያለውን የውጥረት ልዩነት እንጂ ጠቅላላ ውጥረቱን አይደለም። ይህ ልዩነት፣ ማለትም የውጥረቱ ቅናሽ፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 10 ሜጋፓስካል (የግፊት መለኪያ) ነው። 10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ግን ከላይ የተጫነው አለት ክብደት ብቻ ወደ 270 ሜጋፓስካል ይደርሳል። ስለዚህ «ቅናሹ 3 ስለሆነ አለቱ የሚሸከመው 3 ነው» አትበሉ፤ በፍጹም አይያያዝም።

ቅናሹን ራሱንም ቶሎ አትመኑት። የሚሰላው ሞገዱ ከየትኛው ፍሪኩዌንሲ (በሴኮንድ የሚነዝርበት ብዛት) በላይ እየደከመ እንደሚሄድ ታይቶ ነው፤ ያ ቁጥር ደግሞ ሦስት ጊዜ በራሱ ይባዛል። ንባቡ በእጥፍ ከተሳሳተ ውጤቱ በ8 እጥፍ ተሳሳተ ማለት ነው። መሣሪያው ለስላሳ አፈር ላይ ከተተከለ አፈሩ ቶሎ ቶሎ የሚነዝረውን ሞገድ ይውጠዋል፣ ከዚያ ጥፋቱ የአፈሩ ሆኖ ሳለ ስንጥቁ «ደካማ» ተብሎ ይመዘገባል።

አቅጣጫን ከአንድ መንቀጥቀጥ መገመትም ያሳስታል። አለት የሚንሸራተተው ብዙ ጊዜ ድሮ በተሰነጠቀበት ነው፤ ስንጥቁ ደግሞ ለዛሬው ውጥረት ተብሎ የተሰራ አይደለም። የጂኦፊዚክስ ሊቁ ዳን ማኬንዚ ይህን እ.ኤ.አ. በ1969 አሳይቷል። የተለያየ ዝንባሌ ካላቸው ብዙ ስንጥቆች የመጡ መንቀጥቀጦችን አንድ ላይ አስሉ። እንደዚያም ሆኖ የምታገኙት አቅጣጫውንና የውጥረቶቹን ንጽጽር ነው፣ መጠኑን አይደለም።

ቤተ ሙከራ ውስጥ የተለካን የአለት ጥንካሬ እንዳለ ወደ መሬት ማውረድም ሌላ ስህተት ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የአብዛኛው አለት የሰበቃ መጠን (እንዳይንሸራተት ምን ያህል እንደሚይዝ) ከ0.6 እስከ 0.85 ነው። ጃፓን ውስጥ ግን ከ2011ዱ የቶሆኩ መንቀጥቀጥ በኋላ ባሕሩ ወለል ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ቴርሞሜትሮች ወረዱ። ስንጥቁ ሲፋተግ ከፈጠረው ሙቀት የቀረው የአንድ ዲግሪ ሲሶ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ከዚያ የተሰላው ሰበቃ 0.08 ገደማ ነው። ያ ሁሉ ጥፋት የደረሰው እንደ ሳሙና በሚያሟልጭ ሸክላ ላይ ነው!

እኛ ጋ ደግሞ ማግማ፣ ማለትም ከመሬት በታች የቀለጠ አለት፣ አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 አፋር ዳባሁ ላይ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። መንቀጥቀጦቹ በሙሉ ተደምረው ግን የዚያን እንቅስቃሴ አንድ አስረኛ እንኳ አያስረዱም፤ ቀሪውን ማግማው ብዙም ድምፅ ሳያሰማ ነው የከፈተው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ መንቀጥቀጥ ብቻ ቆጥሮ ውጥረት መገመት አይሆንም፣ የሳተላይት ራዳርና ጂፒኤስ የግድ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው በጣም ያሳስበኛል። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ሲናወጥ «ትናንሾቹ መምጣታቸው ጥሩ ነው፣ መሬቱን ያስተነፍሱታል» የሚል ወሬ በየቦታው ነበር። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ በመንቀጥቀጥ መለኪያ (ማግኒቲዩድ) 6 የሆነን የአንድ መንቀጥቀጥ ጉልበት ለማውጣት 32 ገደማ ባለ 5፣ ወይም 1,000 ባለ 4፣ ወይም 32,000 ያህል ባለ 3 መንቀጥቀጦች ያስፈልጋሉ። ቤቱን ጥሎ ለወጣ ሰው «ትልቁ ቀርቷል፣ ግባ» አትበሉት። እዚያው አካባቢ ከወራት መናወጥ በኋላ፣ በየካቲት፣ 6.0 የደረሰው መጥቷል።