ጀርባው ጉብ ላለ እግር የሚሆን የክት ጫማ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጠበቃ ነኝ። የሥራዬ ግማሹ መቆም ነው፤ ችሎት ፊት፣ መዝገብ ቤት መስኮት ሥር፣ ከባለጉዳይ ጋር ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር። በሙሉ ልብስና በከረባት ላይ በረባሶ አይደረግምና ለዓመታት በቆዳ ጫማ ስቀጣ ኖሬአለሁ። አንድ ጠዋት ምስክር እያሰማሁ ሳለ የቀኝ እግሬ ጣቶች ደነዘዙ። ጎንበስ ብዬ ክሩን ፈታሁት። ዳኛው “ጠበቃ ወደዚህ ይቅረቡ” ሲሉ እኔ ቀረብሁ፣ ጫማዬ ቀረ። ችሎት ውስጥ መሳቅ ነውር ስለሆነ ታዳሚው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጉንፋን ያዘው።

የእግሬ ጀርባ፣ ማለትም ከቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት ወደ ጣቶች የሚወርደውና ክር የሚታሰርበት ቦታ፣ እንደ በሬ ሻኛ ጉብ ያለ ነው። ይህን ለጫማ ነጋዴ ስነግር የማገኘው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ “ቁጥር ጨምርበት።” እኔም 42 የሚበቃኝ ሰው 44 እገዛ ነበር።

ይህ ምክር ለምን እንደማይሠራ በቁጥር ላሳያችሁ። በእኛ ገበያ የሚሠራበት የአውሮፓ የጫማ ቁጥር፣ እያንዳንዱ ቁጥር የሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። ስለዚህ የ42 ቁጥር ፎርማ፣ ማለትም ጫማው ሲሠራ ቆዳው የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ፣ 28 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ወደ 44 ስትወጡ ርዝመቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ይጨምራል፤ ለጉብታው የሚደርሰው ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጀርባችሁ እንደተጨነቀ ይቀራል፣ ተረከዛችሁ ይዋልላል፣ ጫማው የሚታጠፍበት መስመርም ጣታችሁ ከሚታጠፍበት ቦታ ወደ ፊት ይሸሻል። አንዱን በሽታ ለማዳን ሦስት ሸመታችሁ ማለት ነው። በውጭ አገር መደብሮች ያለው ብራኖክ የሚባለው የብረት መለኪያ እንኳ የሚለካው የእግርን ርዝመት፣ ስፋትና ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት መጋጠሚያ ያለውን ርቀት ነው። ከፍታን አይለካም።

አባቴ ይህን ከጫማ ነጋዴዎቹ ሁሉ የተሻለ ያውቁት ነበር፤ ነገሩን የሚያውቁት ግን በበቅሎ ነው። ኮርቻ ሲገዙ የበቅሎዋን ርዝመት አይተው አያውቁም፤ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አሳርፈው ጉብታዋን ይዳብሱ ነበር። ጀርባዋን የማያውቅ ኮርቻ የተጫነባት በቅሎ ደጀን ሳትደርስ ገጣባ ትሆናለች። የእኔም እግር ክሩ ካረፈበት ቦታ ላይ ጠቆር ያለ ምልክት አለው፤ ገጣባ መሆኔ ነው።

ችግሩ የእናንተም መሆኑን ለማወቅ እግራችሁን ውኃ አስነክታችሁ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ቁሙ። በተረከዙና በጣቶቹ ሥር ባለው ክፍል መካከል ያለው ዱካ ቀጭን ከሆነ ወይም ጭራሹን ከተቋረጠ ውስጠ እግራችሁ ከፍ ያለ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጀርባውም አብሮ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ አልሁ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም፤ ስለዚህ የቤታችሁን አሮጌ ጫማ ተጨማሪ ምስክር አድርጉት። ክሩ ሲታሰር የክር ቀዳዳ ያለባቸው ክንፎቹ እንደ ሹካ ተራርቀው የሚቆሙ ከሆነ፣ ምላሱ ላይ የክሩ መስቀል ታትሞ ከቀረ፣ ነገሩ ተረጋገጠ።

አሁን ወደ ምርጫው። የክት ጫማ ከሩቅ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ የእኛ ዕጣ የሚወሰነው ግን በአንዲት ስፌት ነው። ኦክስፎርድ በሚባለው ዓይነት የክር ቀዳዳ ያለባቸው ሁለቱ ክንፎች ከፊተኛው ቆዳ ሥር ገብተው ተሰፍተዋል። ታች ላይ ተቆልፈዋልና ከዚያ በላይ አይከፈቱም። ቀጭን እግር ላይ እጅግ ያምራል፤ እኛን ግን ያንቃል። ደርቢ በሚባለው ዓይነት ክንፎቹ ከፊተኛው ቆዳ ላይ ተደርበው ስለተሰፉ እንደ በር ግራና ቀኝ ይከፈታሉ፤ ጉብታው የፈለገውን ያህል ቦታ ይወስዳል። የደርቢ የቅርብ ዘመድ የሆነው ብሉኸር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1815 ዋተርሎ ላይ ናፖሊዮንን ከገጠሙት አንዱ ከሆነው የፕሩሲያ የጦር አዛዥ ነው። ወታደር ቶሎ አጥልቆ የሚሮጥበት ጫማ እኛንም አያሳፍረንም።

መደብር ስትገቡ የነጋዴውን ምስጋና ሳትሰሙ ጣታችሁን ከዝቅተኛው የክር ቀዳዳ ሥር አሳርፉና ስፌቱን ፈትሹ። ክንፉ ላይ ነው ወይስ ሥር? ከደርቢም ቀዳዳው በየጎኑ ሁለት ወይም ሦስት የሆነውን አስቀድሙ፤ አምስት ከሆነ ክሩ እስከ ጉብታው ጫፍ ይወጣና ይጫናል። ክር የሌለው ሞካሲን ለእኛ አይሆንም፤ የሚላላ ነገር የለውማ። በዘለበት የሚታሰረው ግን ይሆናል፤ ቀበቶው አጭር ቢሆን ጫማ ሰፊ በወስፌ አንድ ቀዳዳ ይጨምርላችኋል። ጎኑ ላስቲክ የሆነ ቦቲ ከገባ በኋላ ይመቻል፤ ጣጣው እስኪገባ ነው። ዚፕ ካለው ይሻላል።

የምትሞክሩት ከሰዓት በኋላ ይሁን። እግር ቀን ሲውል ያብጣል፤ ጠዋት የሆነላችሁ ጫማ ማታ ጠላት ነው። በዚያ ጫማ የምታደርጉትን ስስ ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱንም እግር ሞክሩ፤ ሁለት እግር እኩል አይሆንምና ለትልቁ ፍረዱለት። ተረከዛችሁን ወደ ኋላ ገፍታችሁ እሰሩት፣ ከዚያ ተነሥታችሁ ቁሙ። ደርቢ ላይ በክንፎቹ መካከል አንድ ጣት የሚያህል ክፍተት፣ ከላይ እስከ ታች እኩል ሆኖ ቢታይ ጥሩ ነው። ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ ጉብታው ገና እየታገለ ነው። አሥር ደቂቃ ሳትቆሙ ገንዘብ አታውጡ፤ ነጋዴው ቢያጉረመርም “ችሎት ላይ ነኝ” በሉት። የእግር ጀርባ ነርቭ ሲጫን ወዲያው አይጮኽም፤ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ይወጋጋል፣ መጨረሻ ይደነዝዛል። ሙቀቱ እንደጀመረ አውልቁት። “ሲለብሱት ይለቃል” የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው፤ ቆዳ ወደ ጎንና ጥቂትም ወደ ላይ ይለቃል፣ ቆዳ መሳይ ላስቲክ ግን ይሰነጠቃል እንጂ አይለቅም።

አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ አትጣሉት። ክሩን አውጡና ጉብታው ከፍ ያለበት ቦታ ላይ ሳታመሳቅሉ በየጎኑ ሽቅብ አሳልፉት፤ ከዚያ በላይ እንደ ልማዱ አመሳቅሉ። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፣ እኔን ከግማሽ ሥቃይ ገላግሎኛል። ቀጥሎ ውስጥ የተነጠፈውን ወፍራም ስፖንጅ አውጥታችሁ በስስ ቆዳ ተኩት፤ የሁለትና የሦስት ሚሊ ሜትር ትርፍ ለእግር ጀርባ ትልቅ ርስት ነው። ምላሱ ውስጥ ስፖንጅ ካለም ጫማ ሰፊ ገበሩን ፈትቶ ያወጣዋል። በመጨረሻ ፎርማ ከትቶ፣ ቆዳውን በአልኮልና በውኃ አርጥቦ እንዲያሳድረው ጠይቁት። አልኮል ሲባል አረቄ ያመጣ ባለጉዳይ አውቃለሁ፤ ጫማ ሰፊው የሚበቃውን ጫማው ላይ ረጭቶ የተረፈውን ለራሱ አስቀረ።

እኔን ያዳነኝ ግን መግዛት አይደለም፣ ማሠራት ነው። ከገበያው ጀርባ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሽማግሌ ዘንድ ያንን የችሎቱን ጫማ ይዤ ሄድሁ። አገላብጠው አዩትና እግሬን ተመለከቱ።

“ልጄ፣ እግርህ ምንም አልሆነም። ፎርማው ነው የሌላ ሰው።”

“ታዲያ ምን ይሻላል አባባ?”

“የአንተ እናደርገዋለና።”

ካርቶን መሬት ላይ አነጠፉና ሙሉ ክብደቴን ጥዬ እንድቆም አዘዙ። እርሳሱን ቀጥ አድርገው ይዘው እግሬን ዞሩት፤ እርሳስ ከተጋደመ ልኩ ይዋሻል። ከዚያ በሜትር ዙሪያውን በሦስት ቦታ ለኩ፤ ጣቶች ከሚጋጠሙበት፣ ከመካከሉ፣ ከጉብታው ጫፍ። አራተኛውን፣ ከተረከዝ ሥር ተነሥቶ በጉብታው ላይ የሚዞረውን፣ ሌላ ሰው ሲለካ አይቼ አላውቅም፤ እግር ጫማ ውስጥ ሲገባ የሚያንቀው እርሱ ነው አሉ። የ42 ቁጥር ፎርማ አውርደው፣ ጀርባው ላይ የቆዳ ቁራጭ በማስቲሽ ለጠፉ፤ በላዩ ሌላ፣ በላዩ ሌላ። ጠርዙን በቢላዋ እየላጉ፣ በመሐል በመሐል ሜትሩን እየጠመጠሙ፣ የፎርማው ጉብታ ከእኔው ጋር እስኪተካከል ቀጠሉ። ቶማያውን፣ ማለትም የጫማውን የላይኛ ቆዳ፣ ወጥረው በጉጠት እየሳቡ የቸነከሩት በዚያ ላይ ነው። ስታሠሩ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ “ፎርማው ላይ ትለጥፋለህ?” ብላችሁ። “ቁጥሩን ብቻ ንገረኝ” የሚላችሁን አመስግናችሁ ውጡ። ሶሉም ላስቲክ ይሁን፤ የሐምሌን ጭቃ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ጫማው ሲያልቅ ፎርማውን እንዳያፈርሱባችሁ ተነጋገሩ፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ልክ መስጠት አያስፈልጋችሁም። የእኔው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ “ጠበቃው” ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበታል። ባለፈው ጥር ሶል ላስቀይር ስሄድ ግን ሚስማሩ ባዶ ነበር። ሽማግሌው ጉልበታቸው ላይ በእኔ ፎርማ አዲስ ጥቁር ቶማያ እየወጠሩ ነው።

“የማን ነው አባባ?” አልኋቸው።

“የሙሽራ ነው። ቢጤህ ተገኘ” አሉኝ።