የግራናይቱ ዕድሜ አልገጥም ሲል

ጎንደር ተቀምጦ ጥንታዊ ግራናይት ማጥናት ትንሽ ያስቃል። የቆምንበት ድንጋይ ባዛልት ነው፤ የፋሲል ግንብም የተሠራው በባዛልት ነው። አካባቢውን የሸፈነው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ ላቫ ነው። ጥንታዊው መሠረት ድንጋይ የሚታየው እንደ ትግራይ፣ ቤኒሻንጉልና ጉጂ ባሉ ቦታዎች ነው። ስለዚህ ናሙናው በጆንያ ታስሮ ከሩቅ ይመጣል። ጣጣውም አብሮት ይመጣል። ዕድሜውን በዋናነት የምትነግረን በግራናይቱ ውስጥ ያለችው ዚርኮን የምትባል ደቃቅ ማዕድን ናት።

ምልክት፦ 700 ሚሊዮን ዓመት በሚሉ ዚርኮኖች መሀል አንዷ 30 ሚሊዮን ትላለች

ቶሎ አትደሰቱ። በርበሬ በተፈጨበት ወፍጮ ሽሮ ቢፈጭ ምን እንደሚሆን እናቶቻችን ያውቃሉ። ባለፈው ሳምንት በዚያው መፍጫ ከሊማሊሞ የመጣ የእሳተ ገሞራ አመድ ድንጋይ ተፈጭቶ ይሆናል፤ እሱም ዚርኮን ሊኖረው ይችላል። ፍሬዋ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሆነች ወንፊት ቀዳዳ ውስጥ ተሰክታ ትቀራለች። መፍጫውንና ወንፊቱን በብሩሽና በአየር ግፊት አጽዱ። ከዚያ ከራሱ ከናሙናው ጥቂት ፈጭታችሁ ድፉት፤ ዋናው ከዚያ በኋላ ይግባ።

ምልክት፦ አንዷ ደግሞ 2.5 ቢሊዮን ትላለች

ይቺን እንዳትጥሏት። ዚርኮን በቀላሉ አትጠፋም። አሮጌ ድንጋይ ቀልጦ ግራናይት ሲሆን እሷ ተርፋ ትገባለች፤ አዲሱ ዚርኮን በላይዋ ያድጋል። ዕድሜ የሚለካው ጨረር አሮጌውንና አዲሱን አንድ ላይ ከመታ የሚወጣው ዕድሜ የማንም አይደለም። ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት በኤሌክትሮን ጨረር አብርታችሁ ፎቶ አንሷት። ንብርብሯ እንደ ሽንኩርት ይታያል። ዳሯ ግራናይቱ የተፈጠረበትን ጊዜ ትናገራለች፤ እምብርቷ ከዚያ በፊት የነበረውን።

የአረብ-ኑቢያ ጋሻ (በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ያለው ጥንታዊ መሠረት ድንጋይ) ቅርፊት በአብዛኛው ከ850 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ከእሳተ ገሞራ ደሴቶች ሰንሰለት የተገጣጠመ ነው። እዚያ አሮጌ እምብርት ከበዛባችሁ፣ ወይ ከሥር አሮጌ አህጉር ነበረ፣ ወይ ከአህጉሩ ታጥቦ የመጣ አሸዋ አብሮ ቀልጧል። የቴክቶኒኩ ወሬ የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው።

ምልክት፦ ዚርኮን 620፣ ባዮታይት (ቅጠላማው ጥቁር ማዕድን) 550 ሚሊዮን

ጥል የለም። ዚርኮን ሰዓቷን የምትቆልፈው ከ900 ዲግሪ በላይ ነው፤ ባዮታይት ዕድሜው የሚለካበትን አርገን ጋዝ መያዝ የሚጀምረው ቀዝቅዞ 300 አካባቢ ሲደርስ ነው። ሁለተኛው የመቀዝቀዣ ዕድሜ ነው።

ምልክት፦ ኬሚስትሪው «ከደለል ቀልጦ የወጣ ግራናይት ነው» ይላል

አሉሚናው ለካልሲየም፣ ለሶዲየምና ለፖታሲየም ሲካፈል ከ1.1 አልፏል። ተማሪው ወዲያው «ኤስ ዓይነት»፣ ማለትም ከደለል የወጣ፣ ብሎ ይጽፋል። እኔም አንዴ ጽፌያለሁ። መጀመሪያ ድንጋዩን እዩት፤ ፌልድስፓሩ (ነጣ ወይም ሮዝ ያለው ማዕድን) በጥፍር ይፋቃል? እንግዲያው ዝናብ ካልሲየሙንና ሶዲየሙን አጥቦ ወስዷል፣ አሉሚናው ቀርቷል። ቁጥሩ የክረምቱ እንጂ የማግማው አይደለም። ቡኒው ልጣጭ እስኪያልቅ በመዶሻ ስበሩና ውስጡን ውሰዱ። በማይክሮስኮፕ ሆርንብሌንድ (ከደለል በወጣ ግራናይት የማይጠበቅ ማዕድን) ካያችሁ «ኤስ»ን ሰርዙ።

ምልክት፦ የሩቢዲየምና የኢትሪየም-ኒዮቢየም ሥዕል «የደሴት ሰንሰለት» ይላል፣ ዕድሜው ግን ከአህጉሮቹ ግጭት በኋላ ነው

ሥዕሉ በእነዚህ ንጥረ ነገሮች መጠን ግራናይቱ የት እንደተፈጠረ ይገምታል፤ በአብዛኛው የሚያነበው ግን የቀለጠውን ድንጋይ ነው። የድሮ ደሴት ከግጭት በኋላ ቢቀልጥም የደሴት ጠረን አለው። የሚፈርደው መስክ ነው፤ ግራናይቱ የታጠፈውን ድንጋይ ቆርጦ አልፏል ወይስ አብሮ ታጥፏል? ይህን ሳታዩ ከመጣችሁ ባዶ ጆንያ ይዛችሁ ተመለሱ።