በጣና ደቡብ ዳርቻ የሁለት ቀን የጀልባ ጉዞ፦ ከዝግጅት እስከ መልስ

ባሕር ዳር ደርሶ ጣናን ከዳር ቆሞ አይቶ የሚመለስ እንግዳ ብዙ ነው፤ በጀልባ የሚወጣውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ከሰዓት በኋላ የቻለውን ያህል ገዳም ለማዳረስ ሲጣደፍ ይመሻል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ሌላ ዓይነት ጉዞ ለሚሹ ሰዎች ነው፤ ይኸውም በትንሽ ጀልባ የሐይቁን የጎጃም ዳርቻ ብቻ ይዘው፣ ጉማሬውንና አዕዋፉን በእርጋታ ለማየት፣ የዘጌን ደን በእግር ለማቋረጥ፣ ዓሣውን በተያዘበት ቀን ለመብላትና ጠጁን በሰዓቱ ለመቅመስ ለሚፈልጉ። ጣና ወደ 3000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ስለሆነ በአንድ ቀን አይዳረስም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰነው የት እንደሚቀር ነው፤ የሰሜኑን ዳርቻና ጎርጎራን ለሌላ ጉዞ መተው ይሻላል።

ለዚህ ጉዞ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሰማዩ ይጠራል፤ ዳርቻው ገና ለምለም ነው፤ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ አዕዋፍም በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ረግረጋማ ቦታዎች የሚሰፍሩት በዚሁ ወቅት ነው። ከኅዳር ጀምሮ ደግሞ በዘጌ ቡና ይለቀማል። በሰኔና በመስከረም መካከል ዝናቡና ድንገተኛው ነፋስ ጉዞውን ስለሚያውኩት፣ በዚያ ወቅት ለመሄድ የተገደደ ሰው አጭሩን መንገድ ብቻ ይምረጥ። ቀን ከመቁረጥ በፊት በአካባቢው ያለውን የጸጥታ ሁኔታ በባሕር ዳር ካሉ ሰዎች ጠይቆ ማረጋገጥም የዝግጅቱ ክፍል ነው።

ጀልባ የሚከራዩት በባሕር ዳር የሐይቁ ዳር ካሉት የጀልባ ማኅበራት ወይም በሆቴልዎ በኩል ነው። ከአራት እስከ ስምንት ሰው ሆነው አንድ ጀልባ ለብቻ ቢይዙ፣ ከማያውቁት ቡድን ጋር ተዳብሎ ከመሄድ በእጅጉ ይሻላል፤ ምክንያቱም የት ምን ያህል እንደሚቆዩ የሚወስኑት እርስዎ ይሆናሉ። ዋጋውን ሲነጋገሩ ነዳጁ፣ የጥበቃው ሰዓትና የሚቆሙባቸው ቦታዎች በሙሉ የተካተቱ መሆናቸውን በግልጽ ይጠይቁ፤ የገዳማቱ መግቢያና የአካባቢው አስጎብኚ ክፍያ ብዙውን ጊዜ ለየብቻ ስለሚከፈል ዝርዝር ብር ይያዙ። ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት ወደ ጀልባዋ ወርደው ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚሆን የተንሳፋፊ ጃኬት መኖሩን በዓይንዎ ይመልከቱ፤ የሕፃን ልክ ያለው ከሌለም ልጅ ይዘው አይሳፈሩ። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያባብል ቃል መቀበል አያስፈልግም።

ስለ ሰዓቱ ጠንከር ብዬ የምናገረው የጉዞው ሁሉ መሠረት ስለሆነ ነው። ቀን ላይ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ከሐይቁ ወደ ዳርቻው የሚነፍስ ነፋስ ይነሣል፤ ጣና ደግሞ ስፋቱ እንጂ ጥልቀቱ ብዙ ስላልሆነ፣ በጥልቁ ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ስለማያልፍ፣ ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ሆኖ ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ የተነሣ ሰው ግን የረጋ ውኃ ያገኛል። ወደ ባሕር ዳር መመለሻዎንም ከ9 ሰዓት በፊት ያድርጉት።

የመጀመሪያው መቆሚያ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ቦታ ይሁን። ብዙ ሰው ይህንን ለመመለሻ ያቆየዋል፤ ይሁን እንጂ ጉማሬዎች ሌሊቱን በዳርቻው ሣር ሲግጡ አድረው ወደ ውኃው የሚመለሱት ሲነጋ ስለሆነ፣ በጠዋቱ ብርሃን ማየት ከቀትሩ ይበልጣል። ካፒቴኑን ሞተሩን ቀነስ አድርጎ በሩቁ እንዲቆም ይጠይቁት እንጂ እንዲጠጋ አይገፋፉት። በተለይ ጀልባዋ በጉማሬውና በጥልቁ ውኃ መካከል መግባት የለባትም፤ መሸሻው የተዘጋበት ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣል። በዚሁ አካባቢ ፔሊካኖች በመንጋ ሆነው ዓሣ ሲከቡ፣ ባለ ነጭ ራሱ የዓሣ ንስር በዛፍ ጫፍ ላይ ሆኖ ሲጮህ፣ አርጃኖም በድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲሞቅ ሊያጋጥምዎ ይችላል። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ካለዎት የሚጠቅምዎ እዚህ ነው።

በመንገድዎ ላይ ደንገል የጫነ ወይም እንጨት ይዞ ወደ ገበያ የሚቀዝፍ ታንኳ ያገኛሉ። ታንኳው ራሱ ከደንገል የሚሠራ ነው፤ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድም ባለቤቱ በየጊዜው ወደ የብስ አውጥቶ ያደርቀዋል። ባለ ሞተር ጀልባ በፍጥነት ሲያልፍ የሚያስነሣው ማዕበል ታንኳውን ሊያጥለቀልቀው ስለሚችል፣ ካፒቴኑ ሳይነገረው ካልቀነሰ እርስዎ ያስቀንሱት።

ቀጥለው የሚያገኟቸው ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ጎን ለጎን ያሉ ደሴቶች ናቸው። በብራና መጻሕፍቱ የሚታወቀው ክብራን ሴቶችን አያስገባም፤ እንጦስ ግን ሴቶችንም ይቀበላል። ቡድንዎ የተቀላቀለ ከሆነ ሴቶቹን ጀልባ ላይ አስቀምጦ ወንዶቹ ብቻ ወርደው የሚጎበኙበት ጉዞ ለማንም ደስታ አይሰጥምና፣ ወይ በእንጦስ ብቻ ይቁሙ ወይም ሁለቱንም አልፈው በቀጥታ ወደ ዘጌ ያቅኑ። የእኔ ምርጫ ሁለተኛው ነው፤ ቀኑ በሙሉ ለዘጌ ቢሰጥ እንኳ አይበዛም።

ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ወደ ሐይቁ የገባ የብስ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር በደን የተሸፈነ ሲሆን፣ የደኑ ውስጥ ደግሞ ቡና ነው። አቡነ በትረ ማርያም ቡናን፣ ጌሾንና ሎሚን ለሕዝቡ እንደሰጡ፣ መሬቱም እንዳይታረስና ከብት እንዳይረባበት እንዳዘዙ በትውፊት ይነገራል። ነዋሪው ይህን ቃል በመጠበቁ ዙሪያው ሁሉ ለእርሻ ሲመነጠር እዚህ ዋንዛውና ሌላው አገር በቀል ዛፍ ቆሞ ቀርቷል፤ ቡናውም በጥላው ሥር ይበቅላል። ጣናና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራነት ሲመዘገብ በዘጌ አብሮ የተጠበቀው ደን ለብዙ ዘመን በዚህ መንገድ የቆየ ነው።

በመውረጃው ላይ የአካባቢውን አስጎብኚ ይያዙ፤ መንገዱን ከማሳየቱም በላይ የትኛው ቤተ ክርስቲያን በዚያ ሰዓት ክፍት እንደሆነ የሚያውቀው እርሱ ነው። ከመውረጃው ተነሥተው ሽቅብ በሚወስደው መንገድ መጀመሪያ አዝዋ ማርያምን፣ ከዚያ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያገኛሉ። የኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደስ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል የተሞላ ስለሆነ፣ አንዱን ገጽ ሳይጨርሱ ወደ ሌላው አይዙሩ፤ በአስጎብኚው ማብራሪያ እያንዳንዱን ታሪክ ተከትሎ ለማየት አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ጫማ በደጁ ይወልቃል፤ ሴቶች ነጠላ ይልበሱ፤ በፎቶ ማንሻ ብልጭታ ሥዕሉን መምታት ቀለሙን ስለሚጎዳ አያድርጉት። ገዳማውያኑን «አባ»፣ መነኮሳዪቱን «እማሆይ» ብለው፣ ሳይፈቅዱም ፎቶ ሳያነሡ ይቅረቡ። ቅዳሴ ላይ ከደረሱ እስኪያበቃ ውጭ መጠበቅ ይገባል፤ የመጠበቂያው ጊዜ ለደኑ ይውላል፤ ጦጣዎቹንና ከፍሬ ዛፍ ወደ ፍሬ ዛፍ የሚበሩትን ባለ ትልቅ መንቁር አዕዋፍ የሚያዩት ዝም ብለው ሲቀመጡ ነውና።

በመንገዱ ዳር ቡና የሚያፈሉ እናቶች አሉ። ቡናው እዚያው ተቆልቶ፣ እዚያው ተወቅጦ ሲቀርብ አቦሉን ጠጥተው አይነሡ፤ ቶናውንና በረካውንም ይጠብቁ። በመከር ወቅት ከሄዱ እሸቱ በግቢው ተሰጥቶ ሲደርቅ ያያሉ። ወደ ቤት የሚወስዱትን ከለቀመው ሰው እጅ ይግዙ፤ ገንዘቡ ለደኑ ጠባቂዎች የሚደርሰው በዚህ ነው፤ ደኑን ቆርጦ ከመሸጥ ቡናውን መሸጥ የሚያዋጣ ሆኖ እስከቆየም ድረስ ዛፉ ይቆማል ብዬ አምናለሁ።

ምሳን በዘጌ በበያይነቱ ወይም ቀደም ብለው ከባሕር ዳር በያዙት ስንቅ ማድረግ ይቻላል፤ ዓሣውን ግን ወደ ባሕር ዳር ሲመለሱ በሐይቁ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች ቢበሉት ይሻላል። ሙሉውን የተጠበሰ ቆሮሶ (ቲላፒያ) በጎኑ ተተልትሎ፣ በሎሚና በሚጥሚጣ ሲቀርብ ከአዴትና ከቢቸና ነጭ ጤፍ እንጀራ ጋር የሚወዳደር አጃቢ የለውም። ከመጠበሱ በፊት ዓሣውን አሳዩኝ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ዓይኑ የጠራ፣ ጉንጩ ሲከፈት ውስጡ ቀይ፣ ሥጋውም በጣት ሲነካ ወዲያው የሚመለስ ከሆነ የዕለቱ ነው። አምባዛ ለጉላሽ ይሆናል። ባርበስ የሚባሉት ዓሣዎች ከ15 በላይ ዓይነት ያላቸው፣ አብዛኞቹም በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም የማይገኙ ሲሆኑ፣ ለመራባት ወደ ወንዞቹ በሚወጡበት በክረምት መጨረሻ በወንዝ አፍ ላይ በብዛት ስለሚያዙ፣ ዘራቸው እንዲተርፍ በዚያ ወቅት እነርሱን ትቶ ቆሮሶን መርጦ ማዘዝ ተገቢ ነው። ጉዞዎ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ደግሞ የጾሙን ምግብ አስቀድመው ያስቡበት።

ጠጅ ከጀልባ ከወረዱ በኋላ እንጂ ከመሳፈር በፊት አይጠጣም፤ ወደ ገዳም ቅጽርም ይዘውት አይግቡ። የጎጃም ማርና የዘጌ ጌሾ በአንድ ጋን የሚገናኙበት አገር ስለሆነ ጥሩ ጠጅ ማግኘት አይቸግርም፤ የሚቸግረው ማሩ በስኳር ያልተተካውን መለየት ነው። ንጹሕ የማር ጠጅ መዓዛው ገና ብርሌውን ሲያነሡ ይታወቃል፤ ጣፋጭነቱ ከአፍ ቶሎ ይለቃል፤ የስኳሩ ግን ምላስ ላይ ይንጠለጠላል። ለማያውቀው ሰው ለስላሳውን፣ ለለመደው ደረቁን እንዲቀዱለት ይዘዙ። መጠጥ የማይጠጡ ሰዎች ብርዝ ይጠይቁ፤ ማሩ ይበልጥ የሚቀመሰው በዚህ ነው።

ስለ ጤና አጭር ምክር ይበቃል። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያ ስላለ በዳር ባለው ውኃ አይዋኙ፣ እግርዎንም አይንከሩ። አካባቢው ወባ ያለበት በመሆኑ ማታ በአጎበር ይተኙ። በውኃው ላይ ፀሐይ ከሁለት በኩል ስለሚመታ ባርኔጣና የሚጠጣ ውኃ አይርሱ፤ የውኃውን ፕላስቲክም መልሰው ይያዙ።

ሁለተኛ ቀን ያለው ሰው ወደ ደቅ ደሴት ይሂድ። በዘገምተኛ ጀልባ ከባሕር ዳር ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ እዚያም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ፤ እቴጌይቱ በእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍተው የሚታዩበት ሥዕልም በዚያ ይገኛል። አጠገቡ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብንና የአፄ ፋሲለደስን ጨምሮ የነገሥታት አፅም የተቀመጠበት ሲሆን ለወንዶች ብቻ የተፈቀደ ነው። መንገዱ ረጅምና ክፍት ውኃ ስለሚያልፍ መነሻው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ ነዳጁም ለመልሱ ጭምር ተሞልቶ መነሣቱን በዓይን አይቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከበረታ፣ ካፒቴኑ እንጠብቅ ካለ ሳይከራከሩ በደሴቱ ጋብ እስኪል መቆየት፣ ጋብ ካላለም እዚያው ማደር ነው፤ ለዚሁ ሲባል ጋቢና የአንድ ምሽት ስንቅ ከጀልባዋ አይለይ።